ከሩቅ የሚሰማ ሞተር

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር ጤና

ይድረስ ጫካ ገብቶ ለቀረው ወንድሜ ለአነስ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነህ ወይ? ጉንፋኑ ተወህ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጨርቄም ይሸጣል፤ እጁን የማይጠርግ መካኒክ ስለሌለ ጋራዥ እስካለ እኔም አለሁ፣ አልሃምዱሊላህ። ደብዳቤህን የአይሱዙው ሹፌር ደሜ ቡና ሊያራግፍ ሲመጣ ሱቅ ድረስ አምጥቶልኛል። በዚህ ዘመን በወረቀት የሚጠያየቅ ሰው አንተና እኔ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። የእናንተ አገር ኔትወርክ ሄዶ የቀረው ምን ቢበድሉት ነው?

ስለ እማ እውነቱን ጻፊልኝ ስላልክ ልጻፍልህ። እግሯ አብጧል። ትራስ ደራርበንላት ተቀምጣ ነው የምታድረው። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ነው ያለው። ክረምቱን ታልፋለች ወይ ብዬ ስጠይቀው ብዕሩን ከደነና "ልጆቿ በሙሉ አጠገቧ ናቸው?" አለኝ። መልሱ ይኸው ነው፣ አነስ። ስለዚህ አንተ ለከብት ሕክምናህ ብለህ ሞተር እንድገዛልህ ብታዘኝም እኔ የምፈልገው ለእማ ነው። ክረምቱ ገብቶ መኪና ሲቆም ከዚያ ጫካ አውጥቶ እሷ ዓይኗን ሳትከድን እዚህ የሚያደርስህን ነው የማየው።

ጋሽ ሀብተሥላሴን ታስታውሳቸዋለህ፣ ከሱቄ አጠገብ ሞተር የሚጠግኑት። ሦስት ያገለገሉ ሞተሮች አሳዩኝ። አንዱ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል፤ እኔ እሱን ወደድኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ሆዱን አሳዩኝና "ይሄ ጦር ኃይሎች ላይ ከታክሲ ጋር ሊጋፋ ነው የተሠራው፣ መጀመሪያ ያገኘው ድንጋይ ላይ ይተኛል" አሉ። ሁለተኛው በጣም ረጅም ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ቁመትህን ታውቀዋለህ። እሱን ብገዛልህ መሰላልም አብሬ ልልክልህ ነው። ደግሞ ዕቃው ቢሰበር ጅማ እንኳ አይገኝም አሉኝ።

ሦስተኛው አሮጌ ነው፣ ሰማያዊ ቀለም በላዩ ላይ ተቀብቷል። ከተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ የወጣ ነው ይላሉ። አስፋልት ላይ አያሳፍርም፣ ጥርጊያ መንገድም አያቆመውም። ጎማው ጥርሳም ነው፣ ካቴናው ተቀይሯል፣ ከኋላው የክትባት ሳጥን የሚታሰርበት ብረት አለው። ጋሽ ሀብተሥላሴ የኋላውን ፓራፋንጎ፣ ጭቃ መከላከያውን፣ ሲፈቱ ከውስጡ ድንጋይ የሆነ ቀይ አፈር ወጣ። አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል! አየር ጤና መሐል፣ ውሃ ሳያገኝ። "ይሄ ጫካ የኖረ ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል" አሉኝ። ደስ አለኝ።

እማ አንድ ነገር ጠይቂው ብላኛለች። እዚያ መንገድ ላይ አውሬ አለ ወይ?

እህትህ ዘይነባ


ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር ጤና

ለአረፋ ላልመጣው ለአነስ፣

ዒድ ሙባረክ ብዬ ልጀምር፣ ቅሬታዬን ከታች ታገኘዋለህ። የድርሻህን ሥጋ ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ፣ እንዳትጠብቅ።

ሰማያዊውን ሞተር ገዛሁልህ። ይህን ደብዳቤ የያዘው ደሜ ሞተሩንም አይሱዙው ላይ ጭኖታል። ስታወርደው መስታወቱን ተጠንቀቅ፣ በጨርቄ ነው የጠመጠምኩት።

ስለ ጎሾቹ የጻፍከውን ለእማ ማንበብ አልነበረብኝም። መታጠፊያ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ ስትል እኔ ራሴ ደነገጥኩ። እማ ግን ቶሎ ፍርዷን ሰጠች፦ "ድምፁ ጎላ ያለ ይሁንለት። ከሩቅ ሰምተው ይሽሹለት፣ እኔም ሲመጣ ከአልጋዬ እሰማዋለሁ።" ሞተሩ ላይ ያለው ማርሚታ፣ ጭስ ማውጫው፣ ድምፅ የለውም፣ እንደ ድመት ነው የሚሄደው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ግን ሻጩ የድሮውን ማርሚታ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ እንደሰጣቸው ትዝ አላቸውና እሱን መልሰው ገጠሙበት። እማ እንድትሰማ በራችን ድረስ ነድተው መጡ።

ምን ልበልህ፣ ድምፁ መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ረጅም አድርጎ ይስባል። እማ በመስኮት ሰምታ "ይሄ ነው፣ ይሄን ላኪለት" አለች።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከነገሩ ጋር ባይገናኝም። ሞተሩ በር ላይ ሲጮህ አንድ የማላውቀው ሰውዬ፣ የአገር ቤት ሰው ይመስላል፣ መንገዱን አቋርጦ መጣና ባርኔጣውን አወለቀ። "ለማን ነው?" አለኝ። "ለወንድሜ ነው" አልኩት። "አላህ ያጽናው" ብሎኝ ሄደ። ጋሽ ሀብተሥላሴ "ሰክሮ ነው" አሉ። የሰከረ ግን አይመስልም ነበር።

ሲደርስህ ዳገት መውጣቱን፣ ሰዎቹም ወደውት እንደሆነ ጻፍልኝ። ቅሬታዬን ረሳሁት።

ዘይነባ


ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘይነባ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። የእማን ግንባር ሳሚልኝ። ሞተሩ በሰላም ደርሷል፣ ዳገትም ይወጣል። ጭቃ ውስጥ ጎማው አይዋልልም፣ ግንድ ላይ እንኳ ከፍ አድርጌ አልፈዋለሁ። ጋሽ ሀብተሥላሴን አመስግኚልኝ። ጎሾቹም ገና ከሩቅ ሲሰሙት ይጠፋሉ።

ሰዎቹስ ወደዱት ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንዴት ብዬ እንደምመልስልሽ አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን ከወንዙ ማዶ የታመመች ላም ላክም ሄድኩ። ገና ከቡናው ጥላ ሥር ሳለሁ ጩኸት ሰማሁ። ግቢው ስደርስ ሴቶቹ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። አባወራው ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና መሪውን ይዘው "ማን ነው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ አነስ፣ የከብት ሐኪሙ" አልኳቸው።

"እሱን አላልኩህም። ማን ነው?"

"ላሟን ላያት ነው የመጣሁት፣ አባባ።"

ላሟን አሳዩኝ። ግን መርፌውን እየወጋሁ ሳለ ሁሉም አፌን ነበር የሚያዩት። ስወጣም ሽማግሌው መንገድ ድረስ ተከትለውኝ "ልጄ፣ ይዘኸው እንዳትመለስ፣ ንገረን" አሉኝ። የምነግራቸው የለኝም ብዬ ማልኩ። ተሳስተው ነው ብዬ እየሳቅሁ ገባሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሰው በእግሩ ከከተማ መጣ። የዚያ ቤት ልጅ መኪና ገጭቶት ሞቷል። የሞተው እኔ ላሟን ባከምኩበት ጠዋት ነው።

አጋጣሚ ነው፣ አውቃለሁ። አንቺም እንደዚያ በይኝ።

ወንድምሽ አነስ


ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር ጤና

አነስዬ፣

አጋጣሚ ነው። ይኸው አልኩህ። ሁለተኛው ቤትስ ብለህ በኋላ በብጣሽ ወረቀት የላክልኝን፣ የሞተው ሕፃን ልጅ ነው ያልከውን፣ እሱንም አጋጣሚ ነው እላለሁ። ግን እጄ ላይ የቆመው ፀጉር እኔን አልሰማኝም።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ሞተሩ የት እንደነበረ እንዲጠይቁልኝ አደረግሁ። ሻጩ "በጨረታ ነው የገዛሁት፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም" አለ። እሳቸውም "ወይዘሮ ዘይነባ፣ ብረት ምን ያውቃል? ዘይቱን ይቀይርና ይንዳ" አሉኝ። እንደዚያ ሲሉ ግን ያን ሰሞን የገጠሙትን ማርሚታ በምን እጃቸው እንደያዙት የሚያስታውሱ ይመስል መዳፋቸውን በጨርቄ ይጠርጉ ነበር።

ይልቅ ስለ እማ ስማኝ። ውሃው ከእግሯ ወደ ሆዷ ወጥቷል። ስታወራ መሐል ላይ ታርፋለች። ዝናብ በዘነበ ቁጥር "መንገዱ ተቆረጠ?" ትላለች። በበራችን ሞተር ባለፈ ቁጥር ደግሞ አንገቷን ታቀናለች፤ ከዚያ "እሱ አይደለም፣ ይሄ አያስልም" ብላ ትመለሳለች። ድምፁን አንዴ ሰምታ እንዴት እንደያዘችው!

ፈቃድ ጠይቅና ና። መሥሪያ ቤትህ ቢከለክልህ እኔ መጥቼ እጨቃጨቃቸዋለሁ በላቸው፣ ጭቅጭቄን ንገራቸው።

ዘይነባ


ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘይነባ፣

ደብዳቤዎቼን እንደምታነቢላት ስለማውቅ ነው፤ ይህን ግን ለእማ አታንብቢላት።

ፈቃዱ አላስቸገረኝም፣ ሰጥተውኛል። መንገዱ ነው የቀረው። የአይሱዙው መንገድ ተንዷል፤ ደሜ አስፋልቱ ላይ መኪናውን አቁሞ ደብዳቤያችንን በበቅሎ ነው የሚያመላልሰው። በሞተር ግን በጫካው አቋርጦ አስፋልት መውጣት ይቻላል። እዚያ ከደረስኩ አየር ጤና ድረስ የሚያቆመኝ የለም። ታዲያ ለምን አትመጣም ትይኛለሽ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እማማ ዱሬቲ ነገሩን አጫወቱኝ። ይሄ ሞተር እዚህ ነበር። የሚነዳው ቡልቻ የሚባል የጤና ሠራተኛ ነበር፣ ሕፃናት ይከትባል። በዚህ ጫካ ሞተር ያለው እሱ ብቻ ስለነበር፣ ከተማ ላይ ሰው ሲሞት ዘመዶቹ እሱን ይለምኑታል፤ ሌሊቱ ሲነጋጋ መርዶውን ይዞ ይወጣል። እምቢ ማለት አይችልም ነበር፣ ሰው መርዶ እምቢ ይላል? በኋላ ሊከትብ ሲመጣም ሰው ድምፁን ሰምቶ አስቀድሞ ማልቀስ ጀመረ። መጨረሻ ላይ ቤት ሊደርስ ሲል ሞተሩን አጥፍቶ በእጁ ይገፋው ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ማርሚታውን ራሱ ፈትቶ ከረጢት ውስጥ አስሮ አስረከበ።

"ቡልቻ አሁን የት ነው?" አልኳቸው። እማማ ዱሬቲ ተነስተው ዶሮዎቹን አስገቡ። ሌላ ሰው ጠየቅሁ፣ እሱም ስለ ዝናቡ አወራኝ።

እትዬ፣ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ግን በሄድኩበት ቤት ሁሉ እውነት ሆኗል። ያልሆነበት አንድ ቤት የለም። አሁን ይህን ድምፅ ይዤ እማ በር ላይ ልቁም? ልትሰማው የጓጓችው ይሄን መሆኑን ሳስብ ቁልፉን መያዝ ያቅተኛል። ዝናቡ ጋብ ሲል በእግሬ እወጣለሁ።

አነስ


ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር ጤና

አነስ፣

ሰላምታውን ቆይተን እንሰጣጣለን። ዝናቡ እስከ መስከረም ጋብ አይልም፣ እማ ደግሞ እስከ መስከረም አትቆይም። ትናንት ኦክስጅን አድርገንላት ነው ያደረችው።

ማርሚታውን ፍታው ልልህ ነበር። ድምፅ የሌለውን ግን እዚህ ነው ያስቀረሁት፣ ያለ ማርሚታም እንደ መትረየስ ይጮሃል ይላሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። እንግዲህ እንዳለ ንዳው። ጆሮህን ድፈን፣ ማንም ቤት አትቁም፣ ማንንም አትይ፣ ዝም ብለህ አስፋልት ውጣ። አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ስትፈራ እሷ እዚህ በሩን እያየች ነው። ነገ ብሎ ነገር የለም፣ ይህ ወረቀት እጅህ እንደገባ ተነሳ።

ዘይነባ


ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዘይነባ፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ያጽናን።

ቃልሽን ሰምቼ ነበር። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት ተነሳሁ። ማንንም ላለማየት ወስኜ ነበር፣ ግን ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። ከየቤቱ ይወጣሉ። የሚያለቅስ የለም። "ማን ነው?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሴቱም ወንዱም መንገዱ ዳር ቆመው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እኔን ብቻ ያያሉ። እንደዚያ እንደቆሙ እያለፍኳቸው ብዙ ሄድኩ። ወደ ኋላ ዞር ስል በእግራቸው እየተከተሉኝ ነው።

ወንዙ ጋ ያ የመጀመሪያው ቤት ሽማግሌ መንገዱ መሐል ቆሙ። መሪውን ያዙ። "ልጄ፣ ዛሬ ለሌላ ሰው አይደለም የመጣኸው" አሉኝ። "እናትህ ናት። አውርዱት።" አወረዱኝ።

ለምን እንዳልጻፍሽልኝ ይገባኛል። መርዶ በወረቀት አይላክም፣ ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። አልቀየምኩሽም። እማማ ዱሬቲ ግቢ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ በግ ታርዶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን። የማያውቋትን እናቴን እንደ እናታቸው አለቀሱላት። ቀብሩ እንደሆነ በዕለቱ ነው፣ ብሮጥም አልደርስም ብዬ ተቀመጥኩ።

አባ ጎን አሳረፋችኋት? ማን ነው በእኔ ቦታ ጉድጓድ የወረደው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

ሞተሩን ሸራ አልብሼ አቁሜዋለሁ።

አነስ


ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር ጤና

አነስ፣ እማ አልሞተችም።

ቁጭ በልና እንደገና አንብበው። አልሞተችም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት፣ ጠዋት አጥሚት ጠጥታለች፣ ትራሱን አስተካክይልኝ እያለች ታቋርጠኛለች። እኔ ያልጻፍኩልህ የምጽፈው ስላልነበረ ነው። ያንተን ደብዳቤ ያነበብኩት በር ላይ ተቀምጬ ነው።

ደሜ ደግሞ፣ አላህ ይይለት፣ አንተ ለቅሶ ስትቀመጥ አብሮህ ተቀምጦ የመጣ ነው። በሩን ከፍቶ "ወይኔ እናታችን!" ብሎ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እየጎተተ ገባ። እማ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ "ደሜ፣ ማን ሞቶብህ ነው?" አለችው። ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። እስካሁን እዚሁ ደጃፋችን ላይ ነው ያለው፣ ሻይ ሰጥቼው መጠጣት አልቻለም።

ለእማ ልደብቃት ሞክሬ ነበር። ደብዳቤውን ይዤ "እመጣለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ ይላል" ብዬ አነበብኩላት። ፊደል አታውቅም፣ የእኔን ድምፅ ግን ታውቃለች። "ስትዋሺ ቶሎ ቶሎ ነው የምታነቢው፣ ከላይ ጀምሪ" አለችኝ። ጀመርኩ። በጉ ጋ ስደርስ "ወፍራም ነበር?" አለች። ማንም አልሳቀም፣ እሷ ብቻ ናት የሳቀችው፣ ስትስቅም አሳላት። ከዚያ "የማላውቃቸው ሰዎች ሦስት ቀን አለቀሱልኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ትራሱ ላይ ተመልሳ ጣራውን አየች።

አሁን የምነግርህን አንተም እኔም አንወደውም። ከትናንት ጀምሮ እማ ደህና ናት። እብጠቱ ጎድሏል፣ ኦክስጅኑን ራሷ አወለቀችው። ጎረቤቶች አልሃምዱሊላህ ይላሉ፣ ሐኪሙ ግን መጥቶ አይቷት ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ። "ሰማሽው?" አለችኝ። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ውሻ እንኳ የለም። አልሰማሁም አልኳት። "ያስላል፣ ከዚያ ይስባል" አለች። "ሰው ግን የለበትም። ባዶውን ነው የሚመጣው።"

ሸራ አልብሼዋለሁ ብለሃል። አልብሰኸዋል አይደል?

እኔ በእግርህ ና ልልህ ነበር። ሞተሩን ገደል ስደደው ብዬም ጽፌ ነበር፣ ያን ወረቀት ቀደድኩት፣ እማ ቀደደችው ማለት ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። እየተናገረች ነው የምጽፈው፣ አንዲትም አልጨመርኩም።

"አነስ ልጄ፣ ሞተሩን እኔ ነኝ የመረጥኩልህ። አትጥላው። ሰዎቹንም አመስግንልኝ፣ ያለቀሱት አይጠፋም፣ ለእኔው ነው። የሚመጣብኝን አውቃለሁ፣ ልጄ፣ መቼም አይቀርልኝም፤ የፈራሁት እሱን አይደለም። ሸራውን ግፈፍና ውጣበት። ማታም ቢሆን ጠዋትም ቢሆን በራችን ድረስ ንዳው፣ መታጠፊያው ላይ እንዳታጠፋው። ብቻውን እንዳይመጣብኝ።"

ደሜ ተነስቷል፣ ወረቀቱን ከእጄ እየጠበቀ ነው። በሩን ከፍተነዋል።

ዘይነባ